«ጸሐፊ ብቻ ነኝ» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

አማርኛችን «ጸሐፊ» የሚለውን ስም ለብዙ ሰው ነው የሰጠው። ልብ ወለድ የሚደርሰውም ጸሐፊ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ፊት ተቀምጣ ስልክ የምታነሳውም ጸሐፊ ናት። ብራና ላይ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ይባላል። ፍርድ ቤት በር ላይ ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚያዘጋጀው ራፖር ጸሐፊ ነው። የተባበሩት መንግሥታትን የሚመራው ደግሞ ዋና ጸሐፊ። እኔ ስልክ ከሚያነሱት ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታይፕ ስመታ፣ ቃለ ጉባኤ ስይዝ፣ ፋይል ሳደራጅ ነው የኖርኩት። ከሰው ጋር ስተዋወቅ «ጸሐፊ ነኝ» ስል «ምን መጽሐፍ ጻፉ?» ይሉኛል። ሥራዬን ስነግራቸው ጉጉታቸው ቀዝቀዝ ይላል። እሱን ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት የእናንተን ነው። አዲስ ተቀጥራችሁ ቃለ ጉባኤ ስትይዙ፣ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡ፣ ለሐኪም ወይም ለጠበቃ ስትመዘግቡ፣ ሥራችሁ ምንድን ነው ሲሏችሁ «ጸሐፊ ብቻ ነኝ» ትላላችሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ያቺ «ብቻ» ናት።

ስሙ ከየት እንደመጣ ላውጋችሁ። የእኛው ከግእዙ «ጸሐፈ» ነው። መጽሐፍ፣ ጽሕፈት፣ ጽሑፍ ሁሉም ከዚያው ይወጣሉ። ዐረቦች ቁርኣን የተጻፈበትን ጥራዝ «ሙስሐፍ» ይሉታል። ቃሉ ከግእዝ ሳይሻገር አልቀረም የሚሉ የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት አሉ። ዕብራውያን «ሶፌር» ይላሉ፤ ከመቁጠር ጋር ሥር የሚጋራ ቃል ነው። ሶፌር የተባሉት የኦሪትን ፊደላት ስለሚቆጥሩ ነው ብለው የጥንት መምህሮቻቸው ተናግረዋል። ዛሬም የኦሪት ጥቅልል የሚጽፍ ሶፌር 304,805 ፊደላት መጻፍ አለበት። አንዷ ከጎደለች ጥቅልሉ እስኪታረም ድረስ በምኩራብ ለንባብ አይበቃም። የእንግሊዝኛው «ስክራይብ» ደግሞ ከላቲኑ «ስክሪባ» የመጣ ነው፤ ግሱ መጀመሪያ መጫር፣ መፋቅ ማለት ነበር። የሮም ስክሪባ ደራሲ አልነበረም። የመንግሥት ሒሳብና መዝገብ የሚይዝ ደመወዝተኛ ነበር። የእኔ ቢጤ ማለት ነው! ገጣሚው ሆራስ ራሱ የሮም ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል።

ግብፆች ጸሐፊን በፊደላቸው ሲጽፉት የሚሥሉት የሰውዬውን ዕቃ ነው፦ የቀለም ሰሌዳውን፣ ከረጢቱንና መቃውን። በ1850 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ ሰቃራ በሚባል ቦታ የተገኘ፣ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ የጸሐፊ ሐውልት ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አለ። ዓይኖቹ ብርሃን ከሚያሳልፍ የክሪስታል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ንቁ ናቸው፣ የሚናገረውን ሰው እየጠበቁ ያሉ ይመስላሉ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጆች ሳይቀሩ በጸሐፊ አቀማመጥ ሐውልት ያስቀርጹ ነበር። «ጸሐፊ ብቻ» የሚል አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ መጀመሪያ ፍየል ወይም በግ ይታረዳል። ቆዳው ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ ይደርቃል። ከዚያ ተቆርጦ በወስፌ ይሰመራል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ ጭረት ብቻ ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከመሳሰለው ተበጥብጦ ለወራት ይቆያል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ጠረጴዛ የለም። የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። ብዙ ጸሐፊዎች ጥቁሩን ሲጽፉ ለቀዩ ቦታ እየተዉ ያልፉና በኋላ ተመልሰው ይሞሉታል። አንዳንዱ ሳይሞላ ቀርቶ ባዶው ቦታ እስከ ዛሬ ይታያል። እንደዚህ ያለ ገጽ ሳይ ሰውዬውን ምን አጋጥሞት ይሆን እላለሁ። ገንዘቡ አልቆ? ታሞ? ወይስ ቀይ ቀለሙ አልቆበት?

ዓድዋ አቅራቢያ ባለው የአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በሬዲዮ ካርቦን ሲመረመሩ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ትውፊቱ አባ ገሪማ በአንድ ቀን ጽፈው እንደጨረሱና እስኪጨርሱ ድረስ ፀሐይ ቆማ እንደጠበቀቻቸው ይናገራል። እኔ ይህን ስሰማ የማስበው ታሪኩን ያወሩትን ሰዎች ነው። የጽሕፈትን ድካም ያውቁ ነበር። ወንጌል በአንድ ቀን እንዲያልቅ ፀሐይ መቆም እንዳለባት ገብቷቸዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመጽሐፎቹ መጨረሻ ነው። «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ ለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ» ይልና ሁሉንም በአንድነት እግዚአብሔር ይማራቸው ይላል። ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ለሰማው። ልብ አድርጉ፤ ገንዘቡን ያወጣው ባለጸጋ ሁለተኛ ነው። ጸሐፊው ቀድሞታል። ቀጥሎ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውግዘት አለ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ»፣ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። መጽሐፍ የሚሰርቅና ጽሑፍ የሚፍቅ በአንድ ውግዘት ነው የተያዙት።

ይህ የቆየ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሥራ ዘመኔ አንድ አለቃ ነበሩ፤ ስብሰባ አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ ይጠሩኛል። «እዚያ ላይ እኔ ተቃውሜ እንደነበር ጨምሪበት» ይላሉ። አልተቃወሙም። ነገሩ ሊበላሽ መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው። እኔ «እሺ ጌታዬ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ያንሱትና ያኔ እመዘግበዋለሁ» እላለሁ። ይቆጣሉ። አንዳንዴ ለሳምንት ሰላም አይሉኝም። ግን እንዲህ ያለ መልስ ከሥራ አያስባርርም። ያልሆነ ነገር አላደረግሁም፣ እምቢም አላልኩም። ይህን መልስ ውሰዱት፤ ይጠቅማችኋል። ስህተት ማረም ግን ሌላ ነው። በብራናው ዘመን የተዘለለ ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ምልክት ተደርጎበት ይገባ ነበር። እርማቱ ይታያል። እናንተም ስታርሙ የታረመው ይታይ፤ ማን መቼ እንዳረመው ይጻፍ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች የእኛ ሥራ ባልደረባ ባሮክ ነው። የኤርምያስን ቃል ጽፎ ካነበበ በኋላ ሹማምንቱ አስቀርበው ይህን ሁሉ ቃል እንዴት ጻፍከው ይሉታል። መልሱ አጭር ነው፦ እሱ በአፉ ይነግረኝ ነበር፣ እኔም በቀለም እጽፍ ነበር። አለቀ። ከራሱ አልጨመረም፣ ከኃላፊነትም አልሸሸም። ንጉሡ ኢዮአቄም ክርታሱን በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ጣለው። ባሮክ እንደገና ቁጭ ብሎ ጻፈው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በዛ። በጽሕፈት ሥራ ላይ ሰነድ ጠፍቶባችሁ ስታለቅሱ እሱን አስታውሱት። ቅጂም አስቀምጡ።

በወንጌል ግን ስማችን ጠፍቷል፤ «ጻፎችና ፈሪሳውያን» ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሕጉን ሲገለብጥ የኖረ ሰው ሕጉን ያውቃል። ስለዚህ ጸሐፊው ቀስ በቀስ አስተማሪና ፈራጅ ሆነ። ዕዝራ ጸሐፊ ተብሎ ለሕዝቡ በአደባባይ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን አነበበለት። ያ መልካሙ ነበር። በኋላ ግን ማወቅ መኩሪያ ሆነ።

ሥልጣኑም አለ። በእኛ ቤተ መንግሥት ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ማኅተም የሚጠብቅ ሰው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሆኑ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቦታውን የያዙት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እስከ 1947 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ለምን? ጃንሆይ በቃል የሚሰጡት ትእዛዝ ደብዳቤ ሆኖ የሚወጣው በእሳቸው ፊርማ ስለነበር ነው። «አዘዙ» ብሎ የሚጽፍ እጅ ቀላል እጅ አይደለም። እናንተም ትንሿ ቢሮ ውስጥ ይህን ሥልጣን ይዛችኋል። «ሐሳብ ቀረበ»፣ «ተነጋገሩ»፣ «ተስማሙ»፣ «ወሰኑ» አንድ አይደሉም። አለቃችሁ «ቢደረግ ጥሩ ነው» ካሉ «ታዟል» ብላችሁ አትጻፉ። በዚህች ልዩነት ሰው ከሥራው ሲታገድ አይቻለሁ።

ንግግር ሰምቶ ስለሚጽፈው ማሽን ትጠይቁኛላችሁ፤ የወንድሜ ልጅም ጠይቃኛለች። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ሲመረምር ጎን ተቀምጦ የሚመዘግብ ሰው እስከ ዛሬ «ስክራይብ» ነው የሚባለው። አሁን ንግግሩን ሰምቶ ማስታወሻውን የሚያዘጋጅ ፕሮግራም መጥቷል። እኔ አልፈራውም። ታይፕ ሲመጣም ቁም ጽሕፈት አበቃ ተብሎ ነበር፤ እኛን ያስቀጠረን ታይፑ ነው። ማሽኑ ይጻፍላችሁ። እናንተ መልሳችሁ አንብቡ፤ ለራሳችሁ ሳይሆን ለተናገረው ሰው። ፖሊስ ጣቢያ ቃል የሰጠ ሰው «ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ» የሚለው በከንቱ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ባለበት ሁሉ ማንበቡ ግን አይኖርም፤ ብዙ ቦታ ሰው ሳይነበብለት ይፈርማል። እናንተ አንብቡለት።

ስታነቡ ስሙን ፊደል በፊደል አጣሩ። ቁጥሩን በአሐዝም በፊደልም ጻፉ። ዓመቱ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? ጠይቁ። ሰዓቱን ደግሞ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ አደራ። ዋሽንግተን ያለች እናት ለሐኪሟ «መድኃኒቴን ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምወስደው» ብትል፣ አስተርጓሚውም ማሽኑም «ሦስት» ብለው ያልፋሉ። እሷ ያለችው ግን ጠዋት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት። «እማማ፣ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉት።