የፌዴራልና የክፍለ ግዛት ሥልጣንን ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ማስረዳት፦ ጥያቄና መልስ

የማኅበረሰብ ትምህርት መምህር ነኝ፤ የማስተምረው እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ጥያቄዎቹ የቡድናችን አባላት የሆኑ ወላጆች ናቸው፤ መልሱ የእኔ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከየትኛው ክስ ልጀምር? ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት።
ከማካሎክና ሜሪላንድ። ነገሩ የተነሣው ባልቲሞር ነው። ኮንግረስ በ1816 ብሔራዊ ባንክ አቋቋመ። ሜሪላንድ በ1818 ራሷ ባልፈቀደቻቸው ባንኮች ላይ ግብር ጣለች፤ በዓመት 15,000 ዶላር በመክፈል መገላገል ይቻል ነበር። የቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ ጄምስ ማካሎክ ግን አሻፈረኝ አለ። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዝጉና ጠይቋት፦ «ባንክ» የሚል ቃል በሕገ መንግሥቱ የለም፤ ታዲያ ኮንግረስ ባንክ ማቋቋም ይችላል? ከቻለስ ሜሪላንድ ልትቀርጠው ትችላለች? ሁለቱን አታደባልቁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል በ1819 ለመጀመሪያው «አዎ»፣ ለሁለተኛው «አትችልም» ብሏል፤ የመቅረጥ ሥልጣን የማጥፋትም ሥልጣን ነውና። ልጅቱ ሳትከራከር ፍርዱን አትንገሯት።

ማርበሪና ማዲሰንስ?
ስለ ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። ለዚህ ርእስ ዝለሉት።

ልጄ አልገባውም፤ ምን ላድርግ?
ምኑ? ክሱ ነው ቃላቱ? ለይታችሁ ጠይቁ።

የንግድ አንቀጹ (ኮንግረስ በክፍለ ግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ እንዲቆጣጠር የሚፈቅደው) ልጄን ያሰለቸዋል።
የኦሃዮውን ገበሬ ሮስኮ ፊልበርንን አምጡለት። የፌዴራሉ መንግሥት የፈቀደለት 11.1 ኤከር ስንዴ ነበር፤ 23 ዘራ። ትርፉ ለእርሻዬ ነው፣ ለከብቶቼ ነው ቢልም በ1942 ተረታ፤ እንዲህ የሚያደርጉ ገበሬዎች ሲደመሩ የአገሩን የስንዴ ገበያ ይነካሉ ተባለ። ገበሬ አያት ያለው ልጅ እዚህ ላይ ይቆጣል። ይቆጣ! ፍርዱን ግን አስቀድማችሁ አትንገሩት።

አንድ አባል፦ በእኛም አገር በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።
ሌላ አባል፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው እንጂ!
የመጀመሪያው፦ የሕገ መንግሥት ጉዳዮችን የሚያጣራውን አጣሪ ጉባኤ የሚመራው ማን ሆነና?
እኔ፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ይመራዋል፤ የመጨረሻው ቃል ግን በአንቀጽ 83 መሠረት የምክር ቤቱ ነው። ልዩነቱ ለልጆች ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ የቀረውን ክርክር ለቡና ሰዓት አቆዩት።

ከየትኛው ክስ ይጀመራል?
ከላይ መልሻለሁ። ባልቲሞር።

የማካሎክን ፍርድ አስቀድሜ ነገርኩት። ምን ይሻላል?
ምን ብዬ ነበር? እንግዲያው የተሸናፊዋ የሜሪላንድ ጠበቃ አድርጉት። እውነተኛው ጠበቃዋ ሉተር ማርቲን በ1787 በሕገ መንግሥቱ ጉባኤ ላይ ተቀምጦ፣ ተቃውሞ ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ልጁ እሱን ሆኖ አሥር ደቂቃ ይሟገት፤ እናንተ ማርሻልን ሁኑ።