ቦታ ልግዛ ወይስ አክሲዮን? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ናቸው፣ ትንሽ ብር አለኝ እየረከሰብኝ ነው የት ላድርገው ነው። ሐምሌ 22 2016 የዶላሩ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ባንክ ያስቀመጠ ሰው ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

"ባህር ዳር ዘንዘልማ በኩል አንድ ገበሬ 200 ካሬ ሊሸጥልኝ ነው፣ ደላላው ካርታው ወደፊት ይወጣል ይላል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ልግዛ?"

እባክሽ እህቴ አትግዢ። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 40 ላይ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ ገበሬው ማከራየት ይችላል ለልጁ ማውረስ ይችላል መሸጥ ግን አይችልም፣ ስለዚህ ብርሽን ከፍለሽ የምትይዢው ፍርድ ቤት የማይቀበለው ወረቀት ነው። አንድ ዘመዴን ይዤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሄጄ አውቃለሁ። ዳር ዳሩን የባህር ዛፍ ችካል ተተክሎ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮበታል፣ ገበሬው አረንጓዴውን የመሬት ይዞታ ደብተሩን አወጣ፣ ስገልጠው ፎቶው ሁለት ነው፣ የሱና የሚስቱ። እሷስ ታውቃለች ወይ ስለው ዝም አለኝ። ሴትየዋ ከኛ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብላ በቆሎ ትኮተኩታለች፣ ማንም አልነገራትም። ዘመዴ ብሩን እንደያዘ ተመለሰ። አንዳንዱ ደላላ "በስጦታ ውል እናድርገው" ይላል፣ ከተማው ሰፍቶ ሲደርስ ግን ካሳ የሚከፈለው ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ነው፣ ያንቺ ቤት የጨረቃ ቤት ተብሎ ይፈርሳል።

"ካርታ ያለው ባዶ የሊዝ ቦታ አባይ ማዶ አግኝቻለሁ፣ አዲሱ ድልድይ ተከፍቷል ዋጋው ይጨምራል፣ ሶስት አመት ይዤ ብሸጠውስ?"

ይሄኛው ቢያንስ ወረቀት አለው። ግን ድልድዩ ግንቦት 2016 ነው የተመረቀው፣ ሻጩም አይቶታል፣ ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። ሌላው በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነው፣ ለመኖሪያ 99 አመት ይሰጥሃል ግን ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ላስተላልፍ ብትል ላንተ የሚደርስህ የከፈልከው ሊዝ ከነባንክ ወለዱ፣ የሰራኸው ስራ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ይሄን ለመሸሽ ሰው ስም ሳያዛውር በውክልና ይገዛል፣ ውክልና የሰጠህ ሻጭ የሞተ ቀን ውክልናውም አብሮ ያበቃል፣ ከዛ ከወራሾች ጋር ስንት አመት ፍርድ ቤት ትመላለሳለህ። የምትሰራበት ብር ካለህ ግዛ፣ ባዶውን ለማስቀመጥ ከሆነ ይቅርብህ።

"ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ ባህር ዳር ቦታ እንግዛ ስለው ፈንድ ይሻላል ይለኛል፣ ምንድነው እሱ?"

ብዙ ሰው ያዋጣው ብር በአንድ ላይ የብዙ ድርጅት አክሲዮን ሲገዛበት ፈንድ ይባላል። ወንድምሽ የሚልሽ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን የሚከተለውን ይመስለኛል፣ ወደ 500 የሚሆኑ ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች ማለት ነው፣ ቫንጋርድ የሚባለው የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት እንዲህ ያለውን ለተራው ሰው ያቀረበው በፈረንጆቹ 1976 ነው። ይወድቃል፣ በፈረንጆቹ 2008 በ37 በመቶ ገደማ ወርዷል፣ ያን ጊዜ ደንግጦ የሸጠ ከሰረ የጠበቀ አገገመ። ቦታም ይወድቃል እኮ፣ ብቻ በየቀኑ ዋጋውን የሚነግርሽ የለም፣ ገዢ ጠፍቶ ስድስት ወር ደላላ ስትለምኚ ነው የሚገባሽ። ገቢውም ወጪውም ዶላር ለሆነ ሰው ፈንዱ ትክክል ነው፣ እዚህ የሚሰራው ቤት እናታችሁ እንድትኖርበት ከሆነ ደግሞ በደስታ ስሩላት፣ ያ እንጀራ ነው እንጂ ኢንቨስትመንት አይደለም።

"እኛ ሀገርስ?"

አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 2017 ተከፍቷል፣ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የአንድ ባንክ አክሲዮን ግን ፈንድ አይደለም፣ እንቁላሉ ሁሉ አንድ ቅርጫት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ አንዱ 300 ብር ነበር፣ መግዛት የሚቻለው ትንሹ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር፣ 9,900 ብር ማለት ነው፣ በዚህ ብር ካርታ ያለው ቦታ አትገዢም። የሚሸጥልሽ ሰው ከካፒታል ገበያ ባለስልጣን ፈቃድ እንዳለው ጠይቂ።

"ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሙሉ ቁጠባዬን ካርታ ያለው ቤት ልገዛበት ነው።"

ጋሼ፣ ለመድሃኒትና ለድንገተኛ የሚሆን ብር ሳያስቀሩ አያድርጉት፣ ቤት በአንድ ሳምንት አይሸጥም። ከወሰኑ ደግሞ ቀብድ ሳይሰጡ የካርታውን ኮፒ ይዘው ማዘጋጃ ይሂዱ፣ ከእዳና እገዳ ነፃ መሆኑን ያስመርምሩ፣ ደላላው "እኔ ላስጨርስልዎት" ቢልዎት እሺ አይበሉ፣ እርስዎ ራስዎ ቁጭ ብለው ወረቀቱን ይቀበሉ።