ስካን ስላደረግነው የእኛ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ሆነን የአካባቢያችንን ታሪክ በዲጂታል እየሰነድን ነው። ከየቤቱ የድሮ ፎቶና ደብዳቤ ተውሰን ስካን እናደርጋለን፤ አዛውንቶችን እየጠየቅን ድምፃቸውን እንቀዳለን፤ ከዚያ ድረ ገጻችን ላይ እንጭነዋለን። ሳንቲም አናገኝበትም። ሰሞኑን ግን ሦስት ጣጣ ተደራረበብን። የአንድ ሟች ፎቶ አንሺ ልጅ ‹የአባቴን ፎቶዎች አውርዱልኝ› አለን። ፎቶዎቹን የሰጡን ግን ፎቶው ላይ ያሉት ቤተሰቦች ናቸው። አንዲት እናት ደግሞ በፈቃዳቸው የሰጡንን ቃለ መጠይቅ ‹ይነሳልኝ› አሉ። ሦስተኛው፣ ሁሉም ነገር የተቀመጠው በአንድ አባላችን አካውንት ነው፤ እሱም ከእኛ ጋር ተኳርፎ ሊወጣ ነው። ሕጉ ምን ይላል?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የት አገር እንዳላችሁ አልገለጹልኝም። የቅጅ መብት ዘመኑ ርዝመትና የማኅበር ምዝገባው ሥርዓት ከአገር አገር ስለሚለያይ ይህን ለመጨረሻ ውሳኔ ከአካባቢያችሁ ጠበቃ ጋር አረጋግጡ። መሠረቱ ግን ብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው። ችግራችሁም እዚያው መሠረቱ ላይ ነው፦ ዕቃውን የያዘውን ሰው ስትጠይቁ መብቱን የያዘውን ሰው የጠየቃችሁ መስሏችኋል።

ከፎቶው ልጀምር። ወረቀቱ የቤተሰቡ ነው፤ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ለልጅ ማውረስ፣ መሸጥም ይችላሉ። ፎቶውን የማባዛትና ለሕዝብ የማሰራጨት መብት፣ ማለትም የቅጅ መብት፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1741 እንግሊዝ አገር አንድ ገጣሚ ለወዳጆቹ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያለ ፈቃዱ ያሳተመበትን መጽሐፍ ነጋዴ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ደብዳቤው የደረሰው ሰው ወረቀቱ የእሱ ቢሆንም የማሳተም ፈቃድ ግን አብሮ አልተሰጠውም አለ። ስለዚህ ከየቤቱ የተዋሳችኋቸው ደብዳቤዎችም እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይገባሉ። ደብዳቤውን ያስቀመጠው ቤተሰብ ቢፈቅድም የጻፈው ሰው ወይም ወራሾቹ ገና አልተጠየቁም።

የመብቱ ዘመን ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመውና በኋላ የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የቅጅ መብት ስምምነት፣ የበርን ስምምነት፣ ዝቅተኛውን ልክ አስቀምጧል፦ በመርህ ደረጃ ሥራውን የፈጠረው ሰው ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት። ለፎቶግራፍ ግን ስምምነቱ ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት እንደ ዝቅተኛ ወለል ይፈቅዳል። ብዙ አገሮች ግን ከዚህ በላይ ሄደው ለፎቶም ጭምር ከሞት በኋላ 70 ዓመት ያደርጉታል። እንግዲህ ሁለት ቀን ያስፈልጋችኋል፤ ፎቶው መቼ ተነሳ፣ ፎቶ አንሺው መቼ ሞተ። ዘመኑ አልፎ ከሆነ የልጁ ጥያቄ የሕግ መሠረት የለውም። ካላለፈ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎቶው ቤተሰቡ ስቱዲዮ ሄደው፣ ከፍለው የተነሱት ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። አንዳንድ ሕጎች፣ በተለይ የድሮዎቹ፣ መብቱን ለከፈለው ሰው ይሰጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ በጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር የፎቶ አንሺው ነው ይላሉ። ፎቶው በተነሳበት ጊዜ የነበረውን ሕግ ማየት የግድ ነው።

«ሳንቲም አናገኝበትም» ያሉት ነገር ልብ ይነካል፤ ክርክር ግን አያሸንፍም። ፍርድ ቤት ካሳ ሲተምን ሊረዳችሁ ይችላል። ብቻውን ግን ፈቃድን አይተካም። «ስካን ለማድረግ ስንት ሌሊት አምሽተናል» የሚለውም እንዲሁ። ያለውን ፎቶ እንዳለ መገልበጥ አዲስ መብት አይፈጥርም። የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ ሥዕሎችን እንዳሉ በፎቶ የገለበጠ ድርጅት በቅጂዎቹ ላይ የቅጅ መብት የለውም ብሏል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያው ለእይታ ጥበብ ሥራዎች ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል። ስለዚህ ፎቶዎቹ ላይ የፕሮጀክታችሁን ስም በትልቁ የምታትሙ ከሆነ አንሱት። ጉልበታችሁ ይመሰገናል፣ ባለቤት ግን አያደርጋችሁም።

አሁን ልጁን ምን ትሉታላችሁ? ዛሬውኑ ፎቶዎቹን ከሕዝብ እይታ አውርዱ፤ ፋይሉን ግን አታጥፉ። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ጻፉለት፦ «ጥያቄዎ ደርሶናል። እስክንነጋገር ድረስ ፎቶዎቹን አውርደናል። የአባትዎ ሥራ መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር ካለዎት ቢልኩልን፣ ሌሎች ወራሾች ካሉም ቢነግሩን። በአባትዎ ስም ታትመው እንዲቆዩ ቢፈቅዱልን ደስ ይለናል።» ሌሎች ወራሾችን የምትጠይቁት እሱን ለማስጨነቅ አይደለም። ዛሬ እሱ ይፈቅድና ነገ እህቱ ልትመጣ ትችላለች። በሥራዬ እንዳየሁት እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ገንዘብ አይደለም። የአባቱ ስም ከሥሩ አለመጻፉ ነው ያናደደው። ይህ ደግሞ ብዙ ሕጎች የሞራል መብት የሚሉት ነው፤ በስም የመጠራትና ሥራው ተበላሽቶ እንዳይቀርብ የመከላከል መብት። እግረ መንገዴን፣ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በኤአይ ቀለም መቀባት ፋሽን ሆኗል። ብትቀቡት እንኳ የተቀባ መሆኑን ጻፉ፣ ዋናውንም አጠገቡ አስቀምጡ።

ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ የራሳቸው የምስል መብት አላቸው። ቤተሰቡ ራሱ ስለሰጣችሁ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ወደ ቃለ መጠይቁ ልለፍ። እኚያ እናት ምን ፈረሙ? ከደብዳቤዎ እንደገመትኩት ምንም። «ይቀዳ?» ተብለው «እሺ» ብለዋል። ያ «እሺ» ለመቅዳት ነው ወይስ ኢንተርኔት ላይ ለመጫን? ነገ ሌላ ሰው ለፊልም ወይም ለመጽሐፍ ቢወስደውስ? በቃል የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ ነው፤ ሲያከራክር ግን የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም።

በግል ዳታ ጥበቃ በኩል እንየው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ፈቃድን ማንሳት ፈቃድ የመስጠትን ያህል ቀላል መሆን አለበት ይላል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ለሚያዝ ቤተ መዛግብት ደግሞ የተወሰነ ማቃለያ አድርጓል። ደንቡ የሚጠብቀው በሕይወት ያሉ ሰዎችን ነው። በዚህ ደንብ ሥር ባትሆኑም አስተሳሰቡ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ገብቷል።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ የድምፅ ቅጂውን ከድረ ገጹ አውርዱ። የፈረሙት ወረቀት ቢኖርና ሕጉ ቢደግፋችሁ እንኳ አውርዱ። ከአንዲት እናት ጋር ተሟግታችሁ ብታሸንፉ ነገ በር የሚከፍትላችሁ ቤት አታገኙም። ከዚያ ረጋ ብላችሁ ምኑ እንዳሳሰባቸው ጠይቁ። ምናልባት ስለ አንድ በሕይወት ያለ ሰው ትዳር ወይም ሕመም የተናገሩት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ያንን ክፍል ዘግታችሁ ሌላውን መመለስ ትችላላችሁ። ይህ እናንተንም ያድናል። በስም ማጥፋት ወይም የግል ሕይወትን በመድፈር የሚከሰስ ሰው ሲፈለግ የተናገረው ብቻ ሳይሆን ያሰራጨውም ይጠራል።

ስለ ምስጢር ስትገቡት ቃል አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ፣ ቦስተን ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን አየርላንድ ግጭት የተሳተፉ የቀድሞ ታጣቂዎችን ቃል አስቀረጸ። ተናጋሪዎቹ «እስክትሞቱ ድረስ አይወጣም» ተብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የእንግሊዝ መንግሥት በአሜሪካ በኩል ቅጂዎቹን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠየቀ። ኮሌጁም ተመራማሪዎቹም ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ግን የተወሰኑት ቅጂዎች ለሰሜን አየርላንድ ፖሊስ ተላለፉ። ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ቤተ መዛግብት ከፍርድ ቤት ትእዛዝ በላይ አይደለም። «ማንም አይሰማውም» ብላችሁ አትጻፉ። «ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ዘግተን እናቆየዋለን» በሉ። ተናጋሪው ወንጀል ነክ ነገር ሊያወራ ከሆነ ደግሞ መቅጃውን ከመክፈታችሁ በፊት ይህንኑ ንገሩት።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉም ያስቸኩላል። ሁለቱ ባለጉዳዮች ይጠብቋችኋል፤ አካውንቱ ግን በአንድ ማታ ሊጠፋ ይችላል።

ማኅበራችሁ ካልተመዘገበ በሕግ ፊት የራሱ ሰውነት የለውም። ሰውነት የሌለው ነገር ብዙውን ጊዜ በስሙ ውል አይገባም፣ ንብረትም አይዝም። ስለዚህ አካውንቱን ለሚያስተዳድረው ኩባንያ ባለቤቱ በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ፋይሎቹን እንዲያስረክባችሁ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ረጅም ነው፣ ውድም ነው። ሰውየው ገና እያናገራችሁ ሳለ ሂዱ። እሱም በቀዳው ድምፅ፣ በጻፈው ማብራሪያና ባነሳው ፎቶ ላይ መብት ሊኖረው እንደሚችል አትርሱ። ከክስ ዛቻ ይልቅ አንድ ገጽ የርክክብ ሰነድ ይዛችሁ ቅረቡ። ሰነዱ ሁሉንም ፋይልና ፓስወርድ፣ የድረ ገጹን ዶሜይን ጭምር፣ እንዳስረከበ ይግለጽ። ለሠራው ሥራ ፕሮጀክቱ እንዲጠቀምበት እንደፈቀደ፣ ስሙም ከሥራው ጋር እንደሚቆይ ይጨመር። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። በዚያው ቀን ሙሉ ቅጂውን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ አንዱን ቅጂ ከቤታችሁ ውጭ አስቀምጡ።

ከዚያ በኋላ ወይ ተመዝገቡ፣ ወይ ክምችቱን ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲ በውል አደራ ስጡ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መመዝገብ ዓመታዊ ሪፖርትና የሂሳብ ጣጣ አለው፤ ጥቂት ሰዎች ደግሞ ታሪክ ለመሰብሰብ እንጂ ቅጽ ለመሙላት አልተሰባሰቡም። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ማኅበሩ ቢፈርስ ክምችቱ ለማን እንደሚሄድ አሁን ይጻፍ።

ለወደፊቱ ከየቤቱ ስትዋሱ አንድ ቅጽ ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ አያስፈልገውም፦ ዕቃው ምንድን ነው፣ ማን ሠራው፣ የሰጠው ሰው ባለመብት ነው ወይስ ያዥ ብቻ፣ ለምን ያህል ሰው ይከፈት፣ ሌላ ሰው መልሶ ሊጠቀምበት ይችላል ወይ፣ ቅር ካለው የት ይደውላል። «ያዥ ብቻ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት የሚያደርጉት ብዙ ይሆናሉ፣ አትደንግጡ። እነዚያን ዕቃዎች ሰንዱ፣ አስቀምጡ፤ ባለመብቱን እስክታገኙ ወይም ዘመኑ እስኪያልፍ ግን አትጫኑ። በፍለጋው የጠየቃችሁትን ሰውና ቀኑን መዝግቡ። አንዳንድ ሕጎች ባለቤቱ ፈጽሞ ላልተገኘ ሥራ መንገድ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን መዝገብ ነው።

ቀድሞ ለጫናችሁት ሁሉ ባንድ ጊዜ ፈቃድ ማሳደድ አትችሉም። ደብዳቤዎቹንና በሕይወት ያሉ ሰዎች የሚጠቀሱባቸውን ቅጂዎች አስቀድሙ። ድረ ገጹ ላይም «ይነሳልኝ» የሚል ሰው የሚጽፍበት አድራሻ አስቀምጡ፤ በስንት ቀን እንደምትመልሱም አብራችሁ ግለጹ። የልጁ መልስ ሲመጣ ደብዳቤውን፣ ፎቶው የተነሳበትን ዓመትና የአባቱን የሞት ዓመት ይዛችሁ ጠበቃ ጋ ሂዱ። ሦስቱ ካሉ ነገሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።