ገብርኤል ወይስ ገብረ ገብርኤል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ልጅ ዘግይቶብኝ ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር፤ መስከረም አጋማሽ ላይ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ገብረ ገብርኤል ልለው አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን «የድሮ ስም ነው፣ ትምህርት ቤት ይስቁበታል፤ ገብርኤል ብቻ ይበቃል» ይላል። አማቴ ደግሞ «በመልአክ ስም ሰው አይጠራም» ብለው ተቆጡ። ስለቱ ስሙንም ያስገድደኛል? ክርስትናውንስ ቁልቢ ለማስነሣት እስከ ታኅሣሥ 19 ብናቆየው ነውር አለው?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እኅቴ።

ከክርስትናው ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ይህም በዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ከተጻፈው የመንጻት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። የልጅሽ 40 ቀን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይሞላል። ለበዓል ተብሎ ከዚያ በላይ ወደ ሁለት ወር ማቆየት አይገባም፤ በአጥቢያሽ ይጠመቅ። ቁልቢ በበዓሉ ቀን ብዙ ሕፃናት ክርስትና ሲነሡ አይተሽ ይሆናል። ቀናቸው የገጠመላቸው አሉ፣ ያቆዩም አሉ፤ ያቆዩትን አትከተዪ።

ስለቱን በተመለከተ፣ የሳሙኤልን እናት ሐናን ተመልከቺ። ወንድ ልጅ ቢሰጣት ለእግዚአብሔር ልትሰጠው፣ ምላጭም በራሱ ላይ እንዳይደርስ ተሳለች፤ በስለቷ ውስጥ ስም የለም። ሳሙኤል ያለችው ከወለደችው በኋላ ነው። ልጁንም ጡት እስኪያስጥሉት ድረስ ወደ ቤተ እግዚአብሔር አላወጣችውም፤ ባሏ ሕልቃናም ደስ ያለሽን አድርጊ አላት። ስለዚህ የተሳልሽውን ታስገቢያለሽ፤ «ስሙን እንዲህ እለዋለሁ» ብለሽ በአፍሽ ካልተናገርሽ ግን ስሙ ዕዳ አይሆንብሽም።

አማትሽ የተቆጡት መልአኩን ከማክበር ነው፤ ይሁን እንጂ የሚከለክል ሕግ የለም። ከነዓንን ሊሰልሉ ከተላኩት አንዱ፣ ከአሴር ነገድ የሆነው ሰቱር፣ አባቱ ሚካኤል ይባል ነበር፤ ዘኍልቍ 13፥13 ላይ ታገኚዋለሽ። በእስክንድርያ መንበርም ገብርኤል የተባሉ ሊቃነ ጳጳሳት ተቀምጠዋል። እንግዲህ ባለቤትሽ አልተሳሳተም።

እኔ ግን ለክርስትና ስም ገብረ ገብርኤልን እመርጣለሁ። መምህሮቻችን ገብርኤል የሚለውን «እግዚእ ወገብር፣ አምላክ ወሰብእ» ብለው ይተረጉሙታል፤ ጌታ ሳለ ባሪያ፣ አምላክ ሳለ ሰው የሆነውን እንዲያበሥር የተላከ መልአክ ነውና። ገብረ ሲጨመርበት ልጁ መልአኩን ለላከው ጌታ አገልጋይ መሆኑን ይናገራል፤ የመልአኩን ክብርና የሕፃኑን ቦታም ይለያል። አባቶቻችን ስሙን በገብረ፣ በወልደ፣ በኃይለ፣ በተክለ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው የዐፄ ካሌብ ልጅ ገብረ መስቀል ነበር፤ ቅዱስ ላሊበላም በዚሁ ስም ይጠራል። ንጉሥ «አገልጋይ» ሲባል ካላፈረ የሳቢያን ልጅ ምን ያሳፍረዋል? ደግሞስ በድሬ ዐብዱልቃድር፣ ዐብዱራህማን የሚባሉ ጎረቤቶች አሉን አይደል? የነሱም ስም «የእገሌ አገልጋይ» እያለ ይጀምራል፤ የሚስቅባቸው አላየሁም።

ከዚህ ሌላ ሁለት ስም መያዝ የቆየ ልማዳችን ነው። ሩቅ ሳትሄጂ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረር አጠገብ ኤጀርሳ ጎሮ የተወለደው የራስ መኰንን ልጅ ለቤት ተፈሪ፣ ለክርስትና ኃይለ ሥላሴ ተባለ። እስከ 1923 ዓ.ም. አገር ያወቀው በቤት ስሙ ነበር፤ ሲነግሥ የክርስትናውን ስም አወጣው። የአያቱም ስም ወልደ ሚካኤል ነው። የቁልቢንም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኰንን እንደሆኑ ይነገራል።

ስለዚህ በቤት አባቱ እንደወደደ ገብርኤል ይበለው፤ የልደት ምስክር ወረቀቱም ላይ ይኸው ይጻፍ። ገብረ ገብርኤል በመዝገብ ሲገባ ለሁለት እየተከፈለ «ገብርኤል» የአባት ስም መስሎ የሚያንገላታቸው ሰዎች አውቃለሁና ይህኛው መንገድ ይቀልላችኋል። ሲጠመቅ፣ ሲቆርብ፣ ሲያገባ፣ ቄስ በጸሎት ሲያነሣው ደግሞ ገብረ ገብርኤል ይሁን። አንዳንዴ ካህኑ የዕለቱን ቅዱስ አይቶ ስም ስለሚሰጥ ከቀኑ በፊት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

ስም ያከራከረው ቤት የእናንተ ብቻም አይደለም። የኤልሳቤጥ ዘመዶች ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ሲሹ እሷ ዮሐንስ ብላ ጸናች፤ ያን ስም ቀድሞ ያመጣውም ራሱ ቅዱስ ገብርኤል ነበር።

ወደ ቁልቢ ለመውጣት አትቸኩዪ። የታኅሣሥ ብርድ ለድሬ ሕፃን ይከብዳል፣ ግፊያውም እንደዚያው። ሐምሌ 19 መልአኩ ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ያዳነበት በዓል ነው፤ ያን ጊዜ ልጅሽ አሥር ወር ይሆነዋል፣ ዝናቡን ብቻ ተጠንቀቂ። ከክርስትናው በፊት ግን የሚቆርብ፣ ልጁን ሃይማኖት የሚያስተምር የክርስትና አባት ፈልጉለት፤ 40ው ቀን ሩቅ አይደለም።