መልስ፦ 7.5 ኪሎዋት ሞተር ፓምፑን ይችለዋል ወይ?

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላለው ሃይድሮሊክ ፕሬስህ (በዘይት ግፊት ብረት የሚጫነው ማሽን) በአንድ ዙር 16 ሲሲ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ በ200 ባር ግፊት ለማሽከርከር 7.5 ኪሎዋት ሞተር ይበቃል ወይ ብለሃል። አይበቃም።

16ን በ200 አባዛና ለ62.8 (የፓይ 20 እጥፍ) አካፍል። 51 ኒውተን ሜትር ይመጣል፤ ፓምፑን ለማዞር የሚያስፈልገው ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) ነው። ይሄ ግን ፓምፑ ውስጥ ምንም ሰበቃ ከሌለ ነው። ለሰበቃው ብለህ ለ0.9 ስታካፍለው ወደ 57 ይወጣል። ያንተ ሞተር በደቂቃ 1450 ዙር ሲዞር የሚሰጠው ቶርክ 49 ገደማ ነው። ባዶውን ሲዞር ደህና ይመስልሃል። ፕሬሱ ብረቱን ሲነካ ግን ድምፁ ይወፍራል፣ ሞተሩ ማቃሰት ይጀምራል።

11 ኪሎዋት ግዛ። ደግሞ ኮምቦልቻ ከ1800 ሜትር በላይ ናት፤ የሞተር ታርጋ ላይ ያለው ጉልበት በአብዛኛው እስከ 1000 ሜትር ድረስ ላለ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ቶሎ አይቀዘቅዝም። 200 ባሩንም ከጌጁ (ከግፊት መለኪያው) ላይ አረጋግጥ፣ በግምት እንዳትገዛ።