ማሾው ዶላር እስኪሆን

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቀሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ የውጭ ንግድና የውጭ ብድር ለታዳጊ አገር ዕድገት ስላላቸው ሚና ነው። ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታዪ ከረምሽ፤ አሁን «ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ያገኘሁትን ልሥራ?» ትያለሽ። አባትሽ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾ ያመርታሉ።

እህቴ፣ ማስተርሱ ይቆይ።

ስለ ሁለቱ ክፍተቶች ጽፈሻል ብዬ እገምታለሁ፤ ኢኮኖሚስቶቹ ቼነሪና ስትራውት በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ታዳጊ አገር ቁጠባ ያጥረዋል፤ ማሽንና ነዳጅ መግዣ ዶላርም ያጥረዋል። ብድር ጉድለቱን ይሸፍናል። ኤክስፖርቱ ካላደገ ግን ዕዳው ራሱ ሌላ ጉድለት ይሆናል። ይሄንን በዓይናችን አየነው። በ2007 ዓ.ም. በዩሮቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ባለሀብቶች በተሸጠ የብድር ሰነድ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደርን። በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት አበዳሪዎቼን እኩል ለማየት ነው አለ፤ የዶላር ችግሩ ግን ለማንም ድብቅ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ።

ይሄን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የአባትሽ ማሾ እንዴት ዶላር እንደሚሆን ግን የምታውቂ አይመስለኝም። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

የውጭው ገዢ በባንኩ በኩል ኤልሲ ይከፍታል፤ የተባሉት ሰነዶች ተሟልተው ሲቀርቡ እከፍላለሁ የሚል የባንክ ቃል ነው። ማሾው ተበጥሮ፣ በጆንያ ተሞልቶ፣ በጅቡቲ በኩል ይጫናል። ባንኩ ማሾውን አያይም፤ የሚያየው ወረቀት ነው። ኢንቮይስ (የሽያጩ ሒሳብ)፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (ዕቃው መጫኑን የሚያሳይ የመርከብ ሰነድ)፣ የጤና ሰርተፍኬት። ኤልሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ ሰነዱ ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። አንዱ ሰነድ ከሌላው ካልተስማማ ባንኩ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል።

እኔ ልጅ እግር ሳለሁ አንድ ላኪ ዘንድ የሰነድ ሠራተኛ ነበርኩ። ኢንቮይሱ ላይ 480 ጆንያ ማለት ሲገባኝ 408 ብዬ ጻፍኩ። የገዢው ባንክ መለሰው። ዕቃው ባሕር ላይ፣ ገንዘቡ የለም። አለቃዬ ለሁለት ሳምንት ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰም፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሁለቴ ሳላነብ አልፈርምም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ምርቱ ሲደርስ አባትሽ የሚሸጡለትን ነጋዴ «ለየትኛው ላኪ ነው የምታስረክበው?» በይው። ነጋዴ እንዲህ ያለውን ለማያውቀው ሰው አይናገርም፤ ለደንበኛው ልጅ ግን አይጨክንም። ላኪዎቹ ባብዛኛው ቢሯቸው አዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር። በአካል ሂጂ። ለሰነድ ሥራ እንጂ ለኢኮኖሚስትነት አታመልክቺ። መነሻ ደመወዙ ያሳፍራል፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ግን የባንኮች የዓለም አቀፍ ንግድ ክፍል በሌላ ዓይን ያይሻል። ያኔ ማስተርሱን በማታው ክፍለ ጊዜ ትማሪዋለሽ።

ሲቪሽ ላይ ያለውን «በቡድን መሥራት እችላለሁ» ሰርዢው፤ ሁሉም ይጽፈዋል። በምትኩ ማሾ ከማሳ እስከ መርከብ የሚያልፍበትን ደረጃ በአንድ ገጽ ጽፈሽ አያይዢ። የኤልሲ ናሙናም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። አንዱን አትሚና ያልገባሽን መስመር አስምረሽ ላኪልኝ።