ለስራ ወጪ የቱን ክሬዲት ካርድ ላውጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የአዳማ ልጅ ነኝ፣ እዛው ትራንዚት ስሰራ ቆይቼ አሁን ዱባይ አንድ ሎጂስቲክስ ድርጅት ተቀጥሬያለሁ። ስራው ብዙ ጊዜ ጅቡቲ አንዳንዴም ሞምባሳ ይልከኛል፣ ሆቴል ትኬት ምናምን ራሴ ከፍዬ ካምፓኒው በኋላ ነው የሚመልስልኝ። ባንኮቹ እየደወሉ ካርድ ውሰድ ይሉኛል፣ አንዱ ማይል አንዱ ካሽባክ እያለ ግራ አጋቡኝ። የቱን ላውጣ? ለእረፍት ስመጣ አዳማስ ይሰራልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማይሉንም (ለበረራ ትኬት የሚሆነውን ነጥብ) ካሽባኩንም (ካወጣኸው ትንሽ የሚመለስልህን) ለጊዜው ተወው። ከባንኩ በፊት ፋይናንስ ክፍላችሁ ጋ ሂድ፣ ምክንያቱም ካርዱ በስምህ ከወጣ ባንኩ የሚያውቀው አንተን ብቻ ነው፣ ካምፓኒው ሁለት ወር ቢያቆይብህም ባለዕዳው አንተ ነህ ወለዱም የሚቆጠረው ባንተ ላይ ነው። ኮርፖሬት ካርድ (በካምፓኒው በኩል ለሰራተኛ የሚወጣ) አላችሁ ወይ በላቸው፣ ካላቸውም ወረቀቱን በደንብ አንብብ፣ የካምፓኒው ስም ተጽፎበት ዕዳውን ግን ሰራተኛው የሚከፍለው ዓይነት ካርድም አለ። ከሌላቸው ደሞ ደረሰኝ ባስገባሁ በስንት ቀን ትመልሱልኛላችሁ ብለህ ጠይቅና መልሱን በኢሜይል ተቀበል። ከጉዞ በፊት አድቫንስ የሚሰጡህ ከሆነማ በኔ እምነት ከየትኛውም ካርድ ይሻላል።

ቀኑን ካወቅክ በኋላ ነው ካርድ የሚመረጠው። እዛ ብዙ ባንኮች እስከ 55 ቀን ያለ ወለድ ይላሉ፣ እሱ ግን ስቴትመንት (ባንኩ በየወሩ የሚልከው የሂሳብ ዝርዝር) በወጣ ማግስት ለከፈልከው ነው። ስቴትመንትህ ወር በገባ በ5 የሚወጣ ነው እንበል፣ ሆቴሉን በ6 ከከፈልክ ቀጣዩ ስቴትመንት እስኪወጣ አንድ ወር ከዛ ደሞ መክፈያው እስኪደርስ 25 ቀን ገደማ አለህ፣ በ4 ከከፈልክ ግን ያለህ ያችው 25 ቀን ብቻ ናት። ካምፓኒህ በ40 ቀን የሚመልስ ከሆነ በዚች የሁለት ቀን ልዩነት የተነሳ ከደሞዝህ ነው የምትከፍለው። ሚኒመሙን (ባንኩ በወር የግድ ክፈል የሚልህን ትንሹን)፣ ብዙ ጊዜ 5 ፐርሰንቱን፣ ብቻ ከፍለህ ካሳደርከው ደሞ በወር 3 ፐርሰንትና ከዛም በላይ ወለድ ይመጣብሃል፣ እሱ ውስጥ እንዳትገባ አደራ።

ላንተ ስራ ዋናው ነገር የውጭ ግብይት ኮሚሽኑ ነው። ድርሃምም የጅቡቲ ፍራንክም ዶላር ላይ የታሰሩ ናቸው፣ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም፣ 177.721 ፍራንክ፣ ስለዚ ጅቡቲ ላይ ምንዛሬው ወጣ ወረደ ብለህ አትጨነቅም (የኬንያ ሽልንግ ግን ይዋዥቃል)፣ የሚጎዳህ ባንኩ የሚጨምርብህ ነው። 3 ፐርሰንት የሚያስከፍል ካርድ ከሆነ የ4000 ድርሃም ሆቴል 4120 ሆኖ ይመጣል፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ግን 4000 ነው ፋይናንስም የሚመልሰው እሱኑ ነው፣ 120ዋ ካንተ ኪስ ሄደች ማለት ነው። ስለዚ ኮሚሽኑ ዝቅ ያለውን ምረጥ፣ ስቴትመንቱንም ከደረሰኙ ጋር አያይዘህ እሷንም ጠይቃቸው። ፖስ ማሽኑ በድርሃም ነው ወይስ በሀገሩ ገንዘብ ብሎ ከጠየቀህ የትም ብትሆን የሀገሩን ንካ፣ በድርሃም ካልክ ምንዛሬውን የሚተምኑልህ እነሱ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ይወደዳል።

ካርዱ ለስራ ብቻ ይሁን፣ የቤት አስቤዛ አትቀላቅልበት። ሊሚቱም (የካርዱ ጣሪያ) ጠበብ ያለ አይሁን፣ ሆቴሎች ስትገባ ለማስያዣ የተወሰነ ገንዘብ ያግዱብሃል፣ ከወጣህ በኋላም እስኪለቀቅ ቀናት ይፈጃል።

አዳማን በተመለከተ ቪዛና ማስተርካርድ የሚቀበል ፖስ ያለው ሆቴል ይሰራልሃል። ፍራንኮ አካባቢ ካሽ ቸግሮህ ኤቲኤም ጋ ከቆምክ ግን ክሬዲት ካርዱን እንዳታስገባ፣ ካሽ ካወጣህበት ክፍያውም አለ ወለዱም ከዛው ቀን ይጀምራል፣ ለሱ የደሞዝህን ዴቢት ካርድ ተጠቀም።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር። ስራ ስትለቅ ቪዛህ ከመሰረዙ በፊት ካርዱን ዘግተህ ከባንኩ ዕዳ የለበትም የሚል የክሊራንስ ደብዳቤ ውሰድ፣ የቀረ ዕዳ የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዘው የኤሚሬትስ መስሪያ ቤት፣ አል ኢትሃድ ክሬዲት ቢሮ፣ ላይ ይመዘገባል፣ ክስ ከተመሰረተበት ደሞ የጉዞ እገዳ ሊያመጣብህ ይችላል። ሆቴሎች አንዳንዴ ሂሳብ ዘግይተው ስለሚያስገቡ የመጨረሻው ጉዞህ ሙሉ በሙሉ ስቴትመንት ላይ መውጣቱን ካየህ በኋላ ዝጋው።